ሰርጉን ከነሰዉ አሳዩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የጥበብ ገፃችሁን ሳላነብ የማልፍ ሰው አይደለሁም፣ ሰሞኑን ያወጣችሁት ጽሑፍ ግን አንጀቴን ነው ያሳረረው። ጸሐፊው በሰርግ ዙሪያ የሚሰሩ የፍቅር ኮሜዲዎች ሰው ይበዛባቸዋል፣ ጭብጥ የላቸውም ብለው የኛ ፊልም ሰሪዎችም ከሰርግና ከፍቅር ወጥተው ወደ ቁምነገር ይግቡ ብለው ደመደሙ። እኔ ደሞ በዚህ አልስማማም። ሰርግ ራሱ ቁምነገር ነው። የኛ ፊልሞች ችግር ሰርግ ማብዛታቸው ሳይሆን ሰርጉን አንድም ቀን በቅጡ አለማሳየታቸው ነው፣ ሰው የበዛበት መሆኑ ደሞ ጉድለት ሳይሆን ዋናው ነገር እሱ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ጅማ ነው የምኖረው፣ ስራዬ የሰርግ ቪዲዮ መቅረፅና ኤዲት ማድረግ ነው። ሰው የሚያየው መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን፣ ዘፈን የገባበትን፣ ስሎው ሞሽን የበዛበትን ነው፣ እኔ ግን ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ከጠዋት ቡና ጀምሮ እስከ ማታ ያለውን ጥሬ ፉቴጅ ቁጭ ብዬ ነው የማየው። እዛ ውስጥ ሙሽሮቹ ከብዙ ሰው መሀል ሁለቱ ናቸው። ከኋላቸው የሙሽራዋ ታላቅ እህት ቆማ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያንቺንም ያሳየን እያለ ትከሻዋን ነክቷት ሲሄድ አሜን ስትል ትታያለች፣ ሰውየው ዞር ሲል ደሞ ፊቷ ላይ የሚመጣው ነገር አለ። አባትየው ጥግ ላይ ከድንኳን አከራዩ ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነጋገር፣ አጎትየው የተሰጠኝ ቦታ አይመጥነኝም ብሎ አኩርፎ ሲነሳ ሁለት ሰው ሮጦ ሲይዘው፣ በርስት ተጣልተው ስንት ዓመት ያልተነጋገሩ ወንድማማቾች አንድ ትሪ ላይ ቀርበው ማን ቀድሞ ያጉርስ ብለው ሲፋጠጡ። ይሄን ሁሉ እቆርጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ደንበኛ አይፈልገውም፣ መብቱም ነው። ግን በቆረጥኩ ቁጥር ፊልሙ እኮ ይሄ ነው እላለሁ።

የኛ የፍቅር ኮሜዲ ግን እንዴት ነው? አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ቦሌ አካባቢ ካፌ፣ የሚያስቅ ጓደኛ፣ ትንሽ አለመግባባት፣ ከዛ መጨረሻዋ ላይ አምስት ደቂቃ ቬሎና እልልታ። ቤተሰብ ከኖረ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እምቢ ለማለት ነው የሚኖረው። ሽማግሌ የሚላከው አንድ ሲን ላይ ነው፣ ያውም ለማሳቅ። ሚዜ የሚባለው ከጀርባ ቆሞ የሚያጨበጭብ ሱፍ ለባሽ ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ እዚህ ሀገር ሁለት ሰው ተዋዶ ብቻ የተጋባበትን ሰርግ ያየ አለ? ሽማግሌ ሄዷል፣ ዛሬ አልተመቸንም ተብሎ ተመልሷል፣ ድጋሚ ሄዷል፣ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ዕቁብ ቀድሞ ወጥቷል፣ ጎረቤት ሽንኩርት ሲከትፍ አድሯል። ይሄ ሁሉ ሰው የገባበትን ነገር በሁለት ሰው ብቻ ስትሰራው ነው ጭብጥ የሚጠፋው።

በሌላው ዓለም በዚህ መንገድ የተሰሩትን ጸሐፊው አንድ ላይ ጠቅልለው ቀላል ብለዋቸዋል፣ እኔ ደሞ ሶስቱን ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው የእንግሊዞቹ ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል ነው፣ በፈረንጆቹ 1994 የወጣ፣ ሪቻርድ ከርቲስ ጽፎት ማይክ ኒውዌል ያዘጋጀው። ከአምስት ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ተሰርቶ በዓለም ዙሪያ ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ፣ በኦስካርም ለምርጥ ፊልምና ለምርጥ ድርሰት የታጨ። ፊልሙ ላይ የጓደኛሞቹን ሰፈር፣ መስሪያ ቤት፣ የእለት ኑሮ አናይም ማለት ይቻላል፣ የምናገኛቸው ሰርግ ላይና ቀብር ላይ ነው፣ ዋናው ልጅ ስራው ምን እንደሆነ እንኳን አይነገረንም፣ እሱ ግን ምንም አያጎድልም ምክንያቱም ሰው ሰርግ ላይ ሲቆም ማን እንደሆነ ይታያል። ልጁን ለዓመታት በልቧ ይዛው የኖረች ጓደኛው አለች፣ ይሄን የምትነግረው የሰው ሰርግ ላይ ቆመው ነው፣ ቀለል አድርጋ ትነግረዋለች፣ ከዛ ሁለቱም ወደ እንግዶቹ ይመለሳሉ። እኔ ያንን ሳይ ያቺ ያንቺንም ያሳየን የምትባለዋ እህት ናት ትዝ የምትለኝ።

ሁለተኛው የህንዷ ሚራ ናይር ያዘጋጀችው ሞንሱን ዌዲንግ ነው፣ በፈረንጆቹ 2001 ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳውን የወሰደ። ስለሱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ሶስተኛው የናይጄሪያው ዘ ዌዲንግ ፓርቲ ነው፣ ኬሚ አዴቲባ ያዘጋጀችው፣ በፈረንጆቹ 2016 ቀድሞ ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ከዛ ታህሳስ ላይ ሀገር ቤት የታየ፣ በጊዜው በሀገሪቱ ሲኒማ ቤቶች ከፍተኛውን ገቢ ያገኘ የናይጄሪያ ፊልም። የዮሩባ ሴት ልጅና የኢግቦ ወንድ ልጅ ሌጎስ ላይ ሲጋቡ የሚውሉበት አንድ ቀን ነው ታሪኩ። የሙሽራዋ እናት ሆና የምትሰራው ሶላ ሶቦዋሌ ወደ አዳራሹ ስትገባ ያየ ሰው እቺን ሴትዮ እኔም ሰፈር አውቃታለሁ ሳይል አይቀርም። የወንዱ ወላጆች ትዳር ደሞ በዛው ቀን እየፈረሰ ነው፣ ልጅ እየዳሩ። (ሙሽራና ሙሽሪት ሆነው የሰሩት ባንኪ ደብልዩና አዴሱዋ ኤቶሚ በዓመቱ እውነተኛ ባልና ሚስት መሆናቸውን ለማያውቅ ልንገር፣ እኔን በጣም ነው ደስ ያለኝ።)

ሶስቱም ላይ የሚሰራው ዘዴ ቀላል ነው። ሰርግ ራሱ ፕሮግራም አለው፣ ሰዓት አለው፣ ሰው መቅረት አይችልም፣ መውጣት አይችልም፣ ሁሉም ጥሩ ልብሱን ለብሶ ጥሩ ሰው መስሎ መዋል አለበት። እንዲህ ሆኖ ለእያንዳንዱ አንድ የሚፈልገው ነገርና አንድ የሚደብቀው ነገር ከሰጠኸው ታሪኩ በራሱ ይሄዳል። ሰው በዛበት የሚባለው ፊልም የሚበላሸው ሰው ስለበዛ ሳይሆን ከሰዎቹ ግማሹ ምንም የሚፈልገው ነገር ሳይኖረው ስለሚቆም ነው። ኤዲት የሚያደርግ ሰው ይሄን ቶሎ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም የሚፈልገው ነገር የሌለው ሰው ላይ ስትቆርጥ አይን ይሸሻል።

እንግዲህ ወደ ጅማ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ያለው ሰርግ ቢፃፍ ከሶስቱም አያንስም።

ከቀን መቁጠሪያው ልጀምር። እዚህ ቡና ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ይለቀማል፣ ብር እጅ ላይ የሚገባው ያኔ ነው፣ የገና ፆም ደሞ መሀል ላይ አለ፣ ስለዚ ክርስቲያኑ ሰርጉን ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ ሳይያዝ ይጨርሳል፣ ሙስሊሙ ደሞ ረመዳን ሳይገባ። ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ በሚገቡበት ዓመት በቃ ከተማው በሙሉ እነዛ ጥቂት ሳምንታት ላይ ይረባረባል፣ ድንኳን የለ፣ ዲጄ የለ፣ አራጅ የለ፣ ወጥ ሰሪዋን ለማግኘት ሰው ቤቷ ደጃፍ ይሰለፋል። አንድ ቅዳሜ ላይ ሁለት ሰርግ የተጠራ ሰው ግማሹን እዚህ ግማሹን እዛ ቆሞ ይበላል። ያለፈው ደሞ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግንቦት ላይ ይደግሳል፣ ግንቦት ጅማ ላይ ማለት ዝናብ ማለት ነው። የሰፈር ልጆች ዶማ ይዘው በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ሲቆፍሩ፣ ሸራው ውሃ አቁሮ ሲከብድ በእንጨት ከስር እየገፉ ሲያፈሱት፣ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አራት ሴት ቬሎዋን በአራት በኩል ይዞ ጭቃ እንዳይነካው ሲራመድ። ህንዶቹ ፊልሙን በዝናብ ወቅት ስም ነው የጠሩት፣ እኛ ዝናቡ እያለን አንድ ሰው ካሜራ አልደቀነበትም።

ከዛ ምግቡ። ይሄ በደንብ ይታይልኝ የምለው ነገር ነው። ጅማ ላይ የሚደግስ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ የሌላውን ወገን ሳይጠራ አይደግስም፣ የጠራውን ደሞ ፆሙን አይሰደውም። ክርስቲያኑ ደጋሽ ከሆነ ሙስሊም ጎረቤቱን ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያማክራል፣ ብሩን ይሰጠዋል፣ በሬውን ወይ በጉን ጎረቤትየው በራሱ አራጅ ያሳርዳል፣ ወጡ እዛው ጎረቤት ቤት፣ በጎረቤት ድስት፣ በጎረቤት ሴቶች እጅ ይሰራል፣ ለብቻው ተከልሎ ይቀርባል፣ ጠጅና ጠላ ላለው ወገን ጠጁ ሲቀዳ እዛኛው ጋ ብርዝና ለስላሳ ይቀርባል። ሙስሊሙም ሲደግስ በተራው እንደዛው ያደርጋል። ጭልፋ እንዳይቀያየር የምትጠብቅ አንዲት ሴት ትመደባለች፣ ይሄ ትልቅ ኃላፊነት ነው፣ ለሁሉም ሴት አይሰጥም። አንዱ ሰርግ ላይ ይቺን ሴትዮ ቀርጫታለሁ፣ ስካርፏን ወደ ኋላ አስራ፣ ሁለት ጭልፋ በሁለት እጇ ይዛ የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ጠምጥማ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልልታው ሲቀልጥ እንኳን ቀና አላለችም፣ ዓይኗ ድስቶቹ ላይ ነው። ቆይ እስቲ፣ ከዚህች ሴትዮ የበለጠ የፊልም ገፀ ባህሪ ከየት ይመጣል? አንድ የሰከረ ሚዜ ወደ ድስቱ ሲጠጋ ብቻ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። የሚያስቅ ነገር ነው፣ የሚያስፈራም ነው፣ እዚህ ከተማ ሰው እንዴት ተከባብሮ እንደሚኖር ደሞ ማንም ንግግር ሳያደርግ ይታያል።

ሌላ አንድ ላንሳ፣ ይሄኛውን ሳልፅፈው ባልፍ ደስ አይለኝም። አንድ ቅዳሜ ልንቀርፅ ማልደን ስንደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። ሌሊቱን ከሶስት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንዲት እናት አርፈዋል፣ የሰፈሩ እድር ያለው ደህና ድንኳን አንድ ነው፣ ለሰርጉ ተብሎ ተተክሎ አድሯል፣ አሁን ለቅሶ ቤት ይፈልገዋል። ሙሽራዋ ውስጥ ፀጉሯን እየተሰራች ነው፣ እንጀራው ተደራርቦ ተቀምጧል፣ ከብቱ ታርዷል። ጃርሳዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ ማለት ነው፣ ከሁለቱም ቤት ወጥተው መንገድ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። የሟች ልጅ ራሱ መጣ፣ ጋቢ እንደለበሰ፣ ድግሳችሁን አታቁሙ እናቴም አትወድም አለ። የሙሽራዋ አባት ደሞ ድንኳኑ ያንተ ነው አለው። በቃ እንደዛ ሆነ። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ለለቅሶ ሄደ፣ ሰርጉ የቡና ማድረቂያ ሸራ ተሰፋፍቶ ተሰራለት፣ ስፒከር ከቀብር መልስ ድረስ እንዳይከፈት ተወሰነ። ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀው ለቅሶ ደርሰው ተመልሰው የሰርግ ቀሚስ ለበሱ። በር ላይ የሙሽራዋ ጓደኞች አናስገባም ሰርገኛ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ ሚዜዎቹም ዝቅ አድርገው ነው የተደራደሩት፣ ሁሉም በሹክሹክታ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ራሳቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሁሉም ሳቁ፣ ለቅሶ ቤቱ ሰምቷቸው ይሆን ብለው ደሞ ደነገጡ። ከሰዓት ስፒከሩ ሲከፈት መጀመሪያ ሄዶ አሁን ክፈቱ ብሎ የነገራቸው የሟች ልጅ ነው።

ይሄ በመጨረሻው ቪዲዮ ላይ የለም። ቤተሰቡ አይግባ አለ፣ እኔም አላስገባሁትም። ግን ጸሐፊው ጭብጥ የለውም ሲሉ እኔ ፊቴ ላይ የመጣው ይሄ ነው። ያ የእንግሊዞቹ ፊልም ሰርግና ቀብርን አንድ ላይ ማድረጉ ትልቅ ነገር ተብሎ ስንት ተፃፈለት፣ እኛ ጋ አንድ ድንኳን ነው ሁለቱንም የሚሸከመው።

ቁምነገር የሚለውን ደሞ በዚሁ ልጨርሰው። ሞንሱን ዌዲንግ ላይ ሳቅ አለ፣ ዳንስ አለ፣ ድንኳን የሚተክለው ሰውዬ የቤት ሰራተኛዋን ሲወዳት የሚያሳየው ክፍል ደሞ ልብ የሚነካ ፍቅር ነው፣ ሙሽራዋ አሜሪካ ከሚኖር ልጅ ጋር ልትጋባ ነው፣ እሷ ግን ከሌላ ትዳር ያለው ሰው ጋር ያላትን ነገር ገና አልቆረጠችም፣ ከሰርጉ በፊት ለልጁ እውነቱን ትነግረዋለች። ይሄ ሁሉ በሚሆንበት መሀል ቤተሰቡ ሁሉ የሚያከብረው፣ ገንዘብ ያለው፣ ሲቸገሩ የሚደርስላቸው አንድ ዘመድ አለ፣ ይሄ ሰውዬ የሙሽራዋን የአጎት ልጅ በልጅነቷ አስነውሯታል። ልጅቷ በመጨረሻ ሰው ፊት ትናገራለች። አባትየው ይጨነቃል፣ ውለታ አለበት፣ ዘመድ ነው፣ ሰርግ ነው። ከዛ በሰርጉ ቀን ያንን የተከበረ ሰው ከቤቴ ውጣልኝ ይለዋል። ናሲሩዲን ሻህ ነው አባትየውን የሚሰራው፣ ድምፁን ከፍ እንኳን አያደርግም። እስቲ ይሄ ቀላል ነው? የኛ ሀገር ቤተሰብ በዚህ ዓይነት ውለታ ታስሮ ስንት ነገር ዝም እንዳለ ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ በድራማና በስብሰባ ሲነገረው የማይሰማ ሰው ሰርግ ሊያይ ገብቶ እየሳቀ ሳለ ቢያገኘው ይሰማዋል። ኮሜዲው ነው በሩን የሚከፍተው። ቁምነገር እንፈልጋለን ካልን እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

እንዲህ ስል ፊልም ሰሪ ወዳጆቼ ብር የለም ይሉኛል፣ ሰው ሲበዛ ክፍያ ይበዛል ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ግን የሰርግ ፊልም ቦታው አንድ ግቢ ነው፣ አልባሳቱ አንድ ቀን የሚለበስ ነው፣ መኪና ግጭት የለው ምን የለው። ሚራ ናይር ያንን ፊልም በ30 ቀን ነው የቀረፀችው፣ ካሜራው በእጅ ተይዞ፣ ከቤተሰብ ሳሪና ጌጥ ሳይቀር ተበድራ፣ ያውም የተቀረፀው ከፊሉ ኤርፖርት ላይ በኤክስሬይ ተበላሽቶባት እንደገና ቀርፃ። እኛ ጋ ሰው ፊልም ሊሰራ መጣ ከተባለ ትሪ፣ ድስት፣ የጅማ ባርጩማ፣ ሶስት ትውልድ የለበሰው ካባ በነፃ ነው የሚወጣው። ለአጃቢ የሚሆን ሰው ደሞ ሰርገኛ ለመሆን ማንም ትምህርት አያስፈልገውም። ይልቅ ብር የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ላይ ነው፣ እኔ በስራዬ ያየሁት እሱን ነው። አንደኛው ድምፅ ነው። አስር ሰው በአንዴ የሚያወራበትን፣ ከላይ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ የሚዘንብበትን ቦታ በአንድ ማይክ አትይዘውም፣ ደህና ድምፅ ያዥ ከነእቃው ካልተቀጠረ ያ ሁሉ ጨዋታ አይሰማም። ሁለተኛው ድርሰት ነው። ብዙ ሰው ያለበት ታሪክ ሎኬሽን ላይ እየተፈጠረ አይሰራም፣ ማን በስንት ሰዓት የት ጋ ቆሞ ምን እንደሚያውቅ ተፅፎ ማለቅ አለበት፣ ደራሲው ደሞ ለዚህ ጊዜና ክፍያ ሊሰጠው ይገባል።

ቋንቋውን ሳልነካ አላልፍም። እዚህ አንድ ድንኳን ውስጥ ሰው በአፋን ኦሮሞ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሳል፣ አያትየዋ በአፋን ኦሮሞ ሲመርቁ ከአዲስ አበባ የመጣው ሚዜ ባይገባውም አሜን ይላል፣ ከዳውሮ ወይ ከየም ወይ ከከፋ የመጣው ዘመድ በራሱ ቋንቋ ተሰብስቦ ይጫወታል። ፊልሙ ሲሰራ ሁሉንም አማርኛ አታስወሩት፣ ከስር ፅሁፍ አስገቡና እንዳለ ተዉት። ህንዶቹም ሂንዲውን ፑንጃቢውን እንግሊዝኛውን ደባልቀው ነው የሰሩት፣ ማንም ግራ አልተጋባም። ደሞ እባካችሁ ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ሰው ፊልም ላይ ሲመጣ አነጋገሩን እያጣመሙ ለሳቅ ማድረግ ይቅር፣ ያማል፣ በጣም ነው የሚያመው። እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ሁለት ቤተሰብ ሲያስማሙ የሚያወጡት ቃል ከብዙ ድርሰት ይበልጣል። ድሮን አንስቶ የጅሬንን የአባ ጅፋር ቤተ መንግስትና የቡና ጫካውን አሳይቶ ጅማ ነበርን ማለትም ጅማን ማሳየት አይደለም። ቤተ መንግስቱን አሳዩት፣ እኛም ሙሽሮችን ይዘን ለፎቶ የምንወጣው እዛው ነው፣ ኮረብታው ላይ ያለው ብርሃን ከሰዓት በኋላ ልዩ ነው፣ ግን እዛ ሲወጡ መኪናው ውስጥ ሙሽሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠዋት ጀምሮ ብቻቸውን ሆነው ምን እንደሚነጋገሩ፣ ሙሽራው ጫማው እንደጠበበው፣ እሷ ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች፣ እሱን ጭምር አሳዩት።

ጸሐፊውን አልናቅኩም፣ የፍቅር ኮሜዲ በዛ ሲሉ ድካማቸው ይገባኛል፣ አንድ ታሪክ በሃያ ፖስተር ሲሸጥልን ኖሯል። ግን የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን ሂሩት አባቷ ማነው በእኛ አቆጣጠር በ1957 ሲሰራ ከቤተሰብ ጥያቄ ነው የተነሳው፣ እንዴት ተጋባን፣ ማን ፈቀደ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ዝም አለ የሚለው ነገር አልቆ ወደሌላ የምንሄድበት ጉዳይ አይደለም። መፍትሄው ሰርጉን መተው ሳይሆን በሁለት ሰው የጠበበውን ለሁሉም መክፈት ነው።

የጥበብ ገፁ አዘጋጆች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄን ደብዳቤ ስታወጡ የፊልም ደራሲዎቻችን ምን እንደሚሉ ጠይቃችሁ መልሳቸውን አስነብቡን፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጪ መስራት ምን እንደሚያስቸግራቸው በዝርዝር ቢናገሩ እዚህ ያለን ሰዎች የቱን ማቃለል እንደምንችል እናውቃለን። ለድርሰት ብሎ ሰርግ ማየት የሚፈልግ ደራሲ ከመጣ ደሞ ደጋሾቹን አስፈቅጄ አብሮኝ መዋል ይችላል፣ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ቅዳሜና እሁዶች ናቸው የሚሻሉት፣ ጠዋት በጊዜ መድረስ አለበት፣ ወጥ ቤት ነው የምንጀምረው።

አክባሪያችሁ
የሰርግ ቪዲዮ አዘጋጅ፣ ከጅማ